የእናቴ ጠባሳ የት ገባ?

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ሙት ዓመት ጉርድ ፎቶዋን ላሳድግ አንድ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ልጁ «ጋሼ፣ ትንሽ አጸዳሁልዎት» ብሎ ሰጠኝ። ፊቷ እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆኗል። አፍንጫዋና ጉንጯ ላይ የነበረው የፈንጣጣ ጠባሳ የለም።

ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ይሄ ስልክ ያመጣው ጣጣ ነው» እንዳትሉኝ። ነገሩ ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። በ1855 (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የሙኒኩ ፎቶ አንሺ ፍራንዝ ሃንፍስቴንግል ኔጌቲቩ የታረመ ፎቶ አሳይቶ ሕዝቡን ጉድ አሰኝቷል ይባላል። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ዓይን ግን ይጨርሳል። ኔጌቲቭ ላይ ጨለማው ብርሃን፣ ብርሃኑ ጨለማ ነው። ፊት ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ እዚያ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ይሆናል። ሪታች የሚሠራው ሰው ያንን ክፍተት በሹል እርሳስ ይሞላዋል፤ ሲታተም ነጥቡ ይፈዛል።

ለምን አስፈለገ? ለቁንጅና ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዚያን ዘመን የፎቶ መስታወት ሰማያዊ ብርሃንን እንጂ ቀዩን አያይም ነበር። ስለዚህ ቀላ ያለ ብጉርም ሆነ ጠቃጠቆ ከእውነቱ ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል። እርሳሱ በከፊል የመሣሪያውን ውሸት ያርም ነበር ማለት ነው። (ይሄን ሳውቅ በፎቶ ቤቶች ላይ ያለኝ ቂም ግማሹ ለቀቀኝ።) በኋላ ሁሉንም ቀለም የሚያይ ፊልም መጣ፤ እርሳሱ ግን አልተጣለም። ደንበኛው ለምዶታላ!

በ1990 (እ.ኤ.አ.) ፎቶሾፕ ለገበያ ወጣ። በ2002 ደግሞ ሰባተኛው እትም «ሂሊንግ ብረሽ»ን ይዞ መጣ፤ ደህናውን ቆዳ ቀድቶ፣ ከብርሃኑና ከቀለሙ አስማምቶ ጠባሳው ላይ ይለጥፋል። ያ ሁሉ የእርሳስ ልፋት የሰከንድ ሥራ ሆነ።

ዋናውን ፎቶ በአጉሊ መነጽር አየሁት። እሱም ተነካክቷል፤ ከዓይኗ ሥር ነጣ ያሉ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ጠባሳውን ግን ያ ሰው ትቶታል።

በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። እናቴ ከዚያ ብዙ ቀደም ብላ፣ በልጅነቷ ታማ ተረፈች፤ ሁለት እህቶቿ አልተረፉም። ይሄ ከፊቷ በቀር የትም አልተጻፈም።

ተመልሼ ሄጄ «ጠባሳውን መልስልኝ» አልኩት። ልጁ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ሰው እኮ አጥፋልኝ ነው የሚለኝ» አለና እንደገና ስካን አደረገው። ሁለቱንም ከታች ለጥፌያለሁ።