ስለ ቍጠባ ማኅበርና ስለ አካል ጉዳተኞች

ገንዘብን በማኅበር መቈጠብ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዕቁብ የሚባለው ማኅበር በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ከአባላቱ እኩል ገንዘብ ሰብስቦ ለአንዱ በዕጣ ይሰጣል፤ ዕጣ የወጣለትም ሰው እስከ መጨረሻው ለመክፈሉ ዋስ ይጠራል። እንግዲህ የዕቁብ ኀይሉ መተማመን ነው፤ ድካሙም ከዚያው ከመተማመን ይመጣል። ዓይነ ስውሩን፥ እግሩ የተጐዳውን፥ ጆሮው የማይሰማውን ሰው ለምጽዋት እንጂ ለብድር ማንም ካላሰበው ዋስ የሚሆነው ከወዴት ይገኛል? በደጀ ሰላም የሚመጸውተው ብዙ ሲሆን የሚያበድረው ጥቂት የሆነው ስለዚህ ነው።

ይህ ችግር በሌላም አገር ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ዓመት በባንግላዴሽ አገር መሐመድ ዩኑስ የተባሉ የኢኮኖሚ መምህር ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ድኾች 27 ዶላር ያህል አበደሩ። ሥራውም እየሰፋ ሄዶ በ1983 ግራሚን ባንክ ተባለ። መሬትና ቤት በመያዣ ማቅረብ የማይችሉ ድኾች አምስት አምስት ሆነው እየተቧደኑ ይበደሩ ነበር፤ የአንዱ አለመክፈል የሌላውን ብድር ሊያዘገይ ስለሚችል አንዱ ሌላውን ይጠብቅ ነበር። ይህም ሥርዐት ወደ ብዙ አገር ተላለፈ።

ነገር ግን በብዙ ስፍራ ለድኻው በር የከፈተው ቡድን ለአካል ጉዳተኛው በር ዘጋበት። ሰዎች ጓደኞቻቸውን ራሳቸው ሲመርጡ፥ ይከስራል ብለው የፈሩትን ይተዉታልና። የአበዳሪው ሠራተኛም መልኩን አይቶ ይመልሰዋል፤ የቢሮው ደረጃ ለአንካሳው፥ የውሉ ወረቀት ለዓይነ ስውሩ ዕንቅፋት ይሆናል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ጉዳተኛው ዘመኑን ሁሉ «አትችልም» ሲባል ኖሮ፥ በመጨረሻ ራሱም አልችልም ብሎ መቅረቱ ነው።

ሌላው መንገድ በ1991 በኒጀር አገር በማራዲ ተጀመረ። ኬር የተባለው የርዳታ ድርጅት የመንደር ሴቶችን ሰብስቦ፥ ከውጭ በመጣ ብድር ሳይሆን በገዛ ቍጠባቸው እርስ በርሳቸው እንዲበዳደሩ አስተማረ። ሥርዐቱ ወደ ሌላ አገር ከተስፋፋ በኋላ ማኅበርተኞቹ ከ15 እስከ 25 ወይም 30 ይሆናሉ፤ ገንዘባቸውን ሦስት ቍልፍ ባለው ሣጥን ያኖራሉ፤ ሦስቱንም ቍልፎች ሦስት ሰዎች ይይዛሉ፤ በዓመቱ ፍጻሜ ቍጠባውንና ትርፉን እንደየድርሻቸው ይካፈላሉ። ሴቶቹ ፊደል ያልቈጠሩ ስለ ነበሩ ሒሳቡ በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ይነገር፥ በቃልም ይያዝ ነበር። ይህ ልማድ ለዓይነ ስውር ይመቻል፤ በጉባኤ ቤት ቃሉን በጆሮው ሰምቶ ያጸና ዓይነ ስውር መምህር ያየ ሰው በዚህ አይደነቅም። መስማት ለተሳነው ግን የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በጉባኤው ከሌለ ቍጥሩ አይደርሰውም።

በኡጋንዳ ሁለቱም መንገዶች ተሞከሩ። በ1987 የተመሠረተው የአገሩ አካል ጉዳተኞች ብሔራዊ ማኅበር፥ ከአነስተኛ ብድር ሰጪዎች ማኅበር ጋራ ሆኖ፥ በኖርዌይ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ርዳታ በ2005 ሥራ ጀመረ። አስቀድሞ የአበዳሪዎቹን ሠራተኞች አስተማረ፤ ጉዳተኞቹንም ወደ አበዳሪዎቹ ደጅ እንዲቀርቡ አበረታታ። ከጥቂት ዓመት በኋላም፥ እጅግ ድኻ የሆኑት ከብድሩ አስቀድሞ ቍጠባ እንደሚያስፈልጋቸው ስለ ታየ፥ የቍጠባ ማኅበሮችን አቋቋመ።

በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፥ በ12ኛው አንቀጽ፥ ጉዳተኞች የገዛ ገንዘባቸውን እንዲያስተዳድሩና የባንክ ብድርን ከሌላው ሰው ጋራ በእኩልነት እንዲያገኙ አዘዘ። ኢትዮጵያም በ2010 ይህን ስምምነት ተቀበለች።

ሕጉ ስለ ተጻፈ ብቻ ግን ዋስ አይገኝም። ምጽዋት የዛሬን ረኃብ ያስታግሣል፥ ሊነቀፍም አይገባውም፤ ነገር ግን የሚመጸወተው ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል አይጠይቅም። ብድር ግን ይጠይቃል። በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ወደ ሣጥኑ የሚጨምር ሰው፥ ዓይኑ ባያይ ወይም እግሩ ባይሄድ፥ ቃሉን መጠበቁን በሰው ፊት ያስመሰክራል፤ ዋስ ያጣው ሰው ለራሱ ዋስ የሚሆነው በዚህ ነው። ስለዚህ በየአጥቢያው ዕቁብና ማኅበር የሚያቋቁሙ ሰዎች የአባላቱን ስም ሲጽፉ፥ በደጅ የተቀመጠውን ሰው አስቀድመው ሊጠይቁት ይገባል።