ምስል የሌለበት መቅደስ፦ የካማክያ ቤተ መቅደስ ሥነ ሕንፃና ትርጓሜው



የታሪክ ተማሪ በጥንታዊ ሕንፃ ፊት ሲቆም አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ተሠራ?» ብሎ ነው። በሕንድ አሳም ግዛት፣ በጉዋሃቲ ከተማ፣ የብራህማፑትራን ወንዝ ቁልቁል በሚያየው የኒላቻል ኮረብታ ላይ የቆመው የካማክያ ቤተ መቅደስ ግን ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ የለውም።

ሕንፃውን ከታች ወደ ላይ እናንብበው። የታችኛው ክፍል በቅርጻ ቅርጽ ያጌጠ ጥንታዊ ድንጋይ ሲሆን ከላይ ያለው ጉልላት ጡብ ነው። የቀድሞው ቤተ መቅደስ ከፈረሰ በኋላ የኮች ንጉሥ የናራናራያን ወንድም ቺላራይ እ.ኤ.አ. በ1565 እንደ ገና አሠራው። እንደሚተረከው ግንበኞቹ ሺካራ የሚባለውን የድንጋይ ማማ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ሞክረው ስላልሆነላቸው፣ የንብ ቀፎ በሚመስል የጡብ ጉልላት ደመደሙት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የአሆም ነገሥታት ናታማንዲር የተባለውን አዳራሽ ጨመሩበት።

በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል ያልተለወጠው ምንድን ነው? በድንጋይ ደረጃ ወደ ታች የወረደ ሰው ከጨለማው መቅደስ ይደርሳል። መቅደሱ «ጋርባግሪሃ» ይባላል፤ የማኅፀን ቤት ማለት ነው። ስሙ በሌሎች ቤተ መቅደሶች ዘይቤ ነው፤ በካማክያ ግን ቃል በቃል ይወሰዳል። በውስጡ የተቀረጸ ምስል የለም፤ ያለው ከከርሠ ምድር በሚፈልቅ ምንጭ ዘወትር የሚረጥብ የዓለት ስንጥቅ ነው። በትውፊቱ መሠረት ሺቫ የሚስቱን የሳቲን በድን ተሸክሞ ሲዞር ቪሽኑ አካሏን ቆራረጠው፤ የመውለጃ አካሏም በዚህ ኮረብታ ላይ ወደቀ።

ትርጓሜው በየዓመቱ በዝናቡ ወራት መግቢያ ጎልቶ ይታያል። በአምቡባቺ በዓል እንስቷ አምላክ የወር አበባ ታያለች ተብሎ ስለሚታመን ቤተ መቅደሱ ለሦስት ቀናት ይዘጋል፤ እርሻም ይቆማል። በሩ ሲከፈት ምእመናን ቀይ ጨርቅ በበረከትነት ይቀበላሉ። ብዙ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች በወር አበባ ላይ ያለችን ሴት ከደጃቸው ሲከለክሉ፣ በዚህ ስፍራ ያው ደም የምድር ለምነት ምልክት ሆኖ ይከበራል። ከዚህ ተነሥተን የአምላኳ ክብር የሴቶችን ማኅበራዊ ክብር ያረጋግጣል ብንል ግን እንቸኩላለን፤ ምልክትና ኑሮ ሁልጊዜ አንድ አይደሉምና።

እንግዲህ በካማክያ ቅድስናው የግንቡ ሳይሆን የስፍራው ነው፤ ሕንፃው በየዘመኑ የሚለወጥ የስፍራው ልብስ ነው። ቅርስን በግንብ ዕድሜ ብቻ የምንመዝን ከሆነ፣ ማማው ሲወድቅ አምልኮው ለምን አብሮ እንዳልወደቀ ማስረዳት አንችልም።