«ፍሬን በጠሰ» ከመባሉ በፊት፦ የደከመ ፍሬን ምርመራ ከታሪክ አንጻር

በኢትዮጵያ አንድ መኪና ቁልቁለት ላይ ከሹፌሩ ቁጥጥር ውጪ ሲሆን «ፍሬን በጠሰ» ይባላል። አባባሉ አጭር ነው፤ ሰሚውም ከዚያ ወዲያ ሌላ አይጠይቅም። ለሙያተኛው ግን ጥያቄው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የተበጠሰው ምንድን ነው? በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር አይገኝም። ፍሬኑ ለሳምንታት፣ ምናልባትም ለወራት ሲደክም ቆይቶ፣ ምልክቱንም ሲሰጥ ከርሞ፣ በመጨረሻ የሚጠየቀውን ኃይል መስጠት ያቃተው ሆኖ ይገኛል። ምልክቱን ለማንበብ ደግሞ የፍሬንን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል፤ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ፍሬን ሲፈጥር የራሱን ድካምም አብሮ ፈጥሯልና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሰበቃ ሸራ ታሪክ ራሱ የተጀመረው በቁልቁለት ነው። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በደርቢሻየር ኮረብታማ መንገዶች ላይ ባለ ጋሪዎች መንኰራኩራቸውን በአሮጌ ጫማ ሲይዙ ተመልክቶ የተሻለ ማገጃ ለመሥራት ተነሣ፤ በ1897 የመሠረተውም ሥራ ኋላ ፌሮዶ በሚል ስም በዓለም ታወቀ። በ1902 ሉዊ ሬኖ የታምቡር ፍሬንን በመኪና ላይ ሲያውል፣ በዚያው ዓመት ፍሬደሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬን የባለቤትነት መብት አገኘ። በዚያ ዘመን የእግር ኃይል ወደ ጎማ የሚተላለፈው በብረት ዘንግ ወይም በሽቦ ገመድ ነበር፤ ፍሬኑም በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ የሚይዘው የኋላዎቹን ጎማዎች ብቻ ነበር። ገመድ ይበጠሳል፤ ስለዚህ «በጠሰ» የሚለው ቃል ከሁሉ ይበልጥ የሚስማማው ለዚያ ዘመን ፍሬን ነው። ምርመራውም የዓይንና የእጅ ሥራ ነበር። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ገብቶ የተሳበውንና የላላውን ገመድ በዓይኑ አይቶ፣ የግራና የቀኙን ውጥረት አስተካክሎ ይወጣል።

ይህ ዓይነቱ ፍሬን ቶሎ አልጠፋም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለብዙ ዓመታት ሲመላለስ የኖረው ቮልስዋገን ለውጭ ገበያ በሚሠራው ዓይነቱ ላይ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ያገኘው በ1950 ሲሆን፣ በርካሹ ዓይነት ላይ ግን የገመዱ ፍሬን እስከ 1962 ቆይቷል። ፎርድም ገመድና ዘንግን የተወው በ1939 ሞዴሉ ነው።

ታላቁ ለውጥ የዘይት ፍሬን መምጣት ነው። ማልኮም ሎክሂድ የደከመበት ይህ አሠራር በ1921 በዱሴንበርግ መኪና አራቱም ጎማዎች ላይ ዋለ፤ በ1924 ደግሞ ክራይስለር ለብዙኃኑ ገዢ አቀረበው። በታሸገ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚደርስ፣ የግራውንና የቀኙን ጎማ በገመድ ውጥረት የማመጣጠኑ ድካም ቀረ። የመጀመሪያዎቹ የቆዳ ማሸጊያዎች ዘይቱን ያፈሱ ስለነበር በጎማ ተተኩ። ነገር ግን ከዚህ ጥቅም ጋር አንድ አዲስ ችግር መጣ። ጉድለቱ ከዓይን ተሰውሮ ወደ ቧንቧው ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የምርመራው ዋና መሣሪያ የመካኒኩ እግር ሆነ።

ፔዳል ይናገራል፤ ለሚያዳምጠውም ብዙውን ጊዜ አይዋሽም። ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስና የሚመልስ ከሆነ በመሥመሩ ውስጥ አየር አለ፤ ፈሳሽ አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃልና። መጀመሪያ ወደ ወለሉ ወርዶ፣ ደጋግሞ ሲረገጥ ከፍ ብሎ የሚጠነክር ከሆነ በሸራውና በታምቡሩ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። በአንድ ኃይል ተረግጦ ሳለ ቀስ እያለ የሚሰምጥ፣ በውጭም የዘይት ፍሳሽ የማይታይበት ከሆነ፣ በዋናው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጎሚኒ አልቆ ዘይቱ ወደ ኋላ እያለፈ ነው። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለ ደግሞ ፍለጋው ወደ ሸራው ይሄዳል፤ ሸራው ተቃጥሎ እንደ መስታወት አብረቅርቋል፣ ቅባት ነክቶታል፣ ወይም በጎማው ያለው ትንሽ ሲሊንደር ዝጎ ተጣብቋል። መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ ጥፋቱ ያለው ብዙውን ጊዜ በሚስብበት ወገን ሳይሆን በተቃራኒው ነው፤ የሚስበው ደህናው ጎማ ነውና።

ከእነዚህ ሁሉ ምልክቶች ይበልጥ የሚናቀው የፍሬን ዘይት መጉደል ነው። መሥመሩ የታሸገ እስከሆነ ድረስ ዘይት ያለ ምክንያት አይጎድልም። የጎደለው ወይ ሸራው ስላለቀ ነው፣ ወይ የሚፈስበት ቦታ ስላለ ነው። ዘይት ጨምሮ መኪናውን የሚሸኝ መካኒክ ምስክሩን አሰናብቷል ማለት ነው። የሞተር ዘይት የሚጨምር ደግሞ ከዚህ የባሰ ያደርጋል፤ ጎሚኒዎቹ አብጠው ሥራ ያቆማሉ።

አሮጌ ተሽከርካሪ ሲመረመር የተሠራበትን ዓመት መጠየቅ የግድ ነው። በቀድሞዎቹ የዘይት ፍሬኖች አንዱ መሥመር ለአራቱም ጎማዎች ያገለግል ስለነበር፣ አንድ ያረጀ ቱቦ ቢፈነዳ ሁሉም ይጠፋል። በአሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ከ1968 ጀምሮ በሁለት የተከፈለ መሥመር እንዲኖራቸው በሕግ ታዘዘ። ባለ አንድ መሥመር መኪና ላይ «ትንሽ ፍሳሽ» የሚባል ነገር የለም።

የዲስክ ፍሬን ከላንቸስተር በኋላ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ጠብቆ፣ በ1953 ጃጓር የለማንን ውድድር ሲያሸንፍ ክብሩን አገኘ፤ በ1955 ሲትሮየን ዲ ኤስ ከፊት ጎማዎቹ ላይ ይዞት ወጣ። ዲስክ ሙቀትን ከታምቡር ይልቅ ቶሎ ያስወጣል፤ ነገር ግን እንደ ታምቡር ሸራ ራሱን በራሱ ስለማያጠብቅ ተጨማሪ ኃይል ይሻል። ስለዚህም በሞተሩ ስበት የሚሠራው ረዳት፣ ሰርቮ የሚባለው፣ ተስፋፋ። እዚህ ላይ ከፍታ ያላቸው አገሮች ልዩ ትኩረት ያሻቸዋል። ሰርቮው የሚገፋው በከባቢ አየር ግፊት ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ይህ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ደህናው ሰርቮ እንኳ ከኃይሉ ሩብ ያህል ያጣል፤ የቀደደ ላስቲክ ወይም የሚያሾልክ ቱቦ ያለበት አሮጌ ሰርቮ ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ ደጋግሞ ይረገጣል፤ ከዚያ እግር ሳይነሣ ሞተሩ ሲነሣ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካላለ ረዳቱ እየረዳ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን ጋራዥ ውስጥ የማይገኘው ድካም ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 40 ጊዜ ያህል በተከታታይ ቢቆም በፍሬኑ ላይ ከሚያርፈው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ሞተሩ በማርሽ ከዚህ የድርሻውን ካልያዘ ሁሉም በሸራው ላይ ይወድቃል። ታምቡሩ ሲግል ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም መያዣ ኃይሉን ያጣል። በዘይቱም ላይ አደጋ አለ። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ደንቡ ያዛል፤ ከአየር ርጥበት ሲስብ ከቆየ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይታመቃል። መኪናው ቀዝቅዞ ጋራዥ ሲደርስ ፔዳሉ ተመልሶ ደህና ስለሚሆን ሹፌሩ ዋሽቷል ይባላል። አልዋሸም። ማስረጃው ቀዝቅዞ ነው የጠፋው። ጠያቂ መካኒክ ግን የዘይቱን ዕድሜ፣ የሸራውን መልክ፣ በተደጋጋሚ የተቆረጠውን ታምቡር ስፋት በመለካት ይደርስበታል።

የከባድ መኪናዎች የአየር ፍሬን የመጣው ከባቡር ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 ባወጣው የመጀመሪያ አሠራር ባቡሩ ቢቆረጥ ፍሬኑ ይጠፋ ነበር፤ በ1872 ግን ነገሩን ገልብጦ አየር ሲጠፋ ፍሬኑ ራሱ እንዲይዝ አደረገ። ሐሳቡ ታላቅ ነው፤ ጉድለት ሲመጣ ማሽኑ ይቁም ማለት ነው። ይሁን እንጂ የአየር ፍሬንም ይደክማል። ሰዓቱ ሙሉ ግፊት እያሳየ፣ የፍሬኑ ዘንግ ርቀት ካልተስተካከለ ኃይሉ ሸራው ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ የአየር ፍሬን ጤና በሰዓት ብቻ ሳይሆን ከመኪናው ሥር በሜትር ይለካል።

በመጨረሻም ይህ ታሪክ የመካኒኩን የራሱን ሕይወት ይነካል። ለአብዛኛው 20ኛው ክፍለ ዘመን የፍሬን ሸራ በአስቤስቶስ ይሠራ ነበር። ታምቡሩ ተከፍቶ በአየር ሲነፋ የሚቦነው ብናኝ ሳንባን የሚያጠቃና ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ተረጋግጧል። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 ባወጣው መመሪያ አባል አገሮቹ እስከ 2005 አስቤስቶስን እንዲከለክሉ አዘዘ፤ በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ ያለው ሸራ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብናኙ አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

እንግዲህ «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ቃል የአደጋ መግለጫ እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም። ከዚያ ቃል በፊት ሌላ ቃል ነበር፤ ሹፌሩ መኪናውን ሲያስረክብ «ፍሬኑ ትንሽ ደክሟል» ብሎ ነበር። ያንን ቃል ሰምቶ፣ መኪናው በየትኛው ዘመን አሠራር እንደተሠራ ጠይቆ፣ ምክንያቱን ሳያገኝ ያልለቀቀ ባለሙያ፣ ሁለተኛው ቃል እንዳይነገር አድርጓል።