ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ የሚመጣ ድካም፦ የታይሮይድ ዕጢ ሲዳከም

መካነ ኢየሱስ፦ በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ሕክምናውን ፈጽመው ወደ ቀያቸው የተመለሱ አንዳንድ ሴቶች ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል፤ ሌላው ሰው በነጠላ በሚውልበት ቀን እነርሱ ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ፤ ምግባቸው ሳይጨምር ይወፍራሉ፤ ሆዳቸው ይደርቃል፤ ፀጉራቸው ይሳሳል፤ ልባቸውም ያዝናል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ አንድም ለመድኃኒቱ ኃይለኝነት፣ አንድም ለጉና ብርድ ይሰጠዋል። ታማሚዋ ግን በልቧ የምትፈራው ሌላ ነው፤ በሽታው ተመልሶ ይሆን ትላለች። ከእነዚህ ሁሉ ሌላ፣ በደም ምርመራ የሚለይና በየዕለቱ በሚዋጥ ኪኒን የሚስተካከል ምክንያት ሊኖር ይችላል። እርሱም የታይሮይድ ዕጢ መዳከም ነው።

የታይሮይድ ዕጢ በአንገት የፊት ክፍል ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ቅርጹ የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስል አነስተኛ አካል ነው። ከምግብና ከውኃ የምናገኘውን አዮዲን ተጠቅሞ ሆርሞን ይሠራል። ሆርሞኑ በደም ተጉዞ ልብ የሚመታበትን፣ አንጀት የሚሠራበትን፣ ሰውነት የሚሞቅበትን ፍጥነት ይወስናል። ሲያንስ ሁሉም ነገር ይዘገያል። በአገራችን ይህ ዕጢ በስፋት የሚታወቀው ሲያብጥ፣ ማለትም እንቅርት ሲሆን ነው። ሆኖም ዕጢው ከውጭ ምንም እብጠት ሳይታይበት ሊዳከም ይችላል፤ ከካንሰር ሕክምና በኋላ የሚመጣውም መዳከም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ስለሆነ አንገት አይቶ “ደኅና ነሽ” ማለት አይበቃም።

ለመሆኑ የጡት ሕክምና አንገት ላይ ያለን ዕጢ እንዴት ይነካል? ዋናው መንገድ ጨረር ነው። ካንሰሩ ወደ ብብት ንፍፊቶች ተዛምቶ ሲገኝ ሐኪሞች ጨረሩን በደረት ላይ ብቻ ሳይወስኑ፣ በትከሻና በአንገት መካከል ካለው አጥንት በላይ ወዳለው ሥፍራ ጭምር ይሰጣሉ። ይህ ሥፍራ ከታይሮይድ ዕጢ ጋር ጎረቤት በመሆኑ የዕጢው አንድ ክፍል ጨረር ያገኘዋል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ በአብዛኛው ቀጥለው በሚመጡት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይገለጣል። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ በአዲስ አበባ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነበር። ከእስቴ፣ ከጋይንትና ከስማዳ ተነሥታ በዚያ የታከመች ሴት ዕጢዋ በሚዳከምበት ጊዜ ጨረሩን ከሰጧት ሐኪሞች እጅግ ርቃ ትገኛለች። የቅርቧ ጤና ጣቢያ ባለሙያም ጨረር የት ላይ እንዳረፈባት ካልተነገረው በቀላሉ ሊገምት አይችልም።

ኬሞቴራፒም ከጨረር ጋር ሲደመር የራሱ ድርሻ አለው። ታሞክሲፈን የተባለው ኪኒን ዕጢውን ባይጎዳም በደም ውስጥ ሆርሞኑን የሚሸከመውን ፕሮቲን ስለሚጨምር፣ አስቀድማ የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስድ ሴት የመጠን ማስተካከያ ሊያስፈልጋት ይችላል። በውጭ አገር በስፋት የሚሰጠው ኢሚውኖቴራፒ የተባለው አዲስ ሕክምና ደግሞ ዕጢውን በቀጥታ ሊያስቆጣ ይችላል። በዚህ የታከሙ ዘመዶች ያሏቸው ቤተሰቦች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ነገሩን ከመጠኑ በላይ ማግነን ግን አይገባም። በዴንማርክ ከ40 ሺህ በላይ የጡት ካንሰር ታካሚዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ የታይሮይድ መዳከም በታካሚዎቹ ላይ ከሌሎች ሴቶች የጨመረው በጥቂቱ መሆኑን አሳይቷል። ጭማሪው ጎልቶ የታየው የንፍፊት አካባቢ ጨረር በተሰጣቸው ላይ ነው። በዚያው አገር የተደረገ ሌላ ጥናት የዕጢው መዳከም ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉን እንደማይጨምር አመልክቷል። ለታማሚዎች ትልቁ ማጽናኛ ይህ ይመስለኛል።

በእኛ አካባቢ ጉዳዩን የሚያወሳስበው ቀድሞ የነበረው እንቅርት ነው። በተዳፋት ደጋ የዘመናት ዝናብ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ይወርዳል፤ በዚያ አፈር የበቀለ ገብስ፣ ድንችና ሣር አዮዲን ያንሰዋል። ጉዳቱ ለሰው ብቻ አይደለም፤ አዮዲን በሚያንስበት ሥፍራ በግና ፍየልም አንገታቸው ያበጠ ግልገል ይወልዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት ተገኝቶባቸው ነበር። ከዚያ በኋላ መንግሥት የገበታ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። አዮዲን ያለው ጨው በክዳን ዕቃ ተይዞ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር ጥቅሙ ይጠበቃል። ነገር ግን በጨረር የተጎዳን ዕጢ ጨው መልሶ አያድነውም። አዮዲን ያላቸውን ጠብታዎችና ኪኒኖች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ እንዲያውም የደከመውን ዕጢ ይብስ ሊያውከው ይችላል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ጥብቅ ጉዳይ አለ። የጡት ካንሰር የታከመች ሴት በአንገቷ ወይም ከትከሻዋ አጥንት በላይ አዲስ እብጠት ካየች “የእናቴ እንቅርት ነው የወጣብኝ” ብላ መተው የለባትም። እንቅርት ሊሆን ይችላል፤ ካንሰሩ የደረሰበት ንፍፊትም ሊሆን ይችላል። በእጅ ዳሰሳ ብቻ ለይቶ መናገር ስለማይቻል ሳይዘገይ በሐኪም መታየት አለበት።

የዕጢው መዳከም የሚታወቀው ቲኤስኤች በተባለ የደም ምርመራ ነው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለች ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ ታይሮይድን ለማዘዝ የምትልከው ሆርሞን ነው። በሬው ሲዘገይ ገበሬው ጅራፉን ደጋግሞ እንደሚያጮኸው ሁሉ፣ ታይሮይድ ሲደክም ቲኤስኤች ከፍ ይላል። ስለዚህ የቲኤስኤች ቁጥር መብዛት የዕጢውን ማነስ ይናገራል፤ ውጤቱን በእጃቸው ይዘው “በዝቶ ነው ያለው” የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሆርሞን ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ባለመሆኑ ታማሚዋ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ሪፈር ልትባል ትችላለች። ለካንሰሩ ክትትል ወደ ከተማ በምትሄድበት ቀጠሮ ምርመራው አብሮ እንዲሠራላት ብትጠይቅ ሁለተኛ መንገድና ወጪ ይቀርላታል። የደም ማነስም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጣ ሁለቱ በአንድ ላይ ቢታዩ ይመረጣል።

ሕክምናው ከእንስሳ የተጀመረ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ዕጢዋ ለደከመባት ሴት በመርፌ ሰጣት፤ ሴትዮዋም ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራለች። ዛሬ ሊቮታይሮክሲን የተባለ፣ በፋብሪካ የተሠራ ተመሳሳይ ሆርሞን በኪኒን መልክ ይሰጣል። ብዙዎች ዕድሜ ልካቸውን ይወስዱታል። ለውጡ በሳምንታት ውስጥ እንጂ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ምርመራውም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ተደግሞ መጠኑ ይስተካከላል። “ተሻለኝ” ብሎ ማቋረጥ ድካሙን መልሶ ይጠራል፤ ከታዘዘው በላይ መውሰድም ልብን ያስጨንቃል፣ አጥንትን ያሳሳል።

ኪኒኑ የሚዋጠው በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ነው፤ ቁርስም ቡናም ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት መቆየት አለባቸው። ጠዋት ከቡና ጋር የምትውጠው ሴት መድኃኒቱን ከከፈለችበት ዋጋ ግማሹን እንደጣለችው ትቁጠረው። የደም ማነስ የብረት ኪኒንና የካልሲየም ኪኒን ደግሞ ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቁት። በጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃ የማይቀምሱ ምእመናን ሐኪማቸውንና የነፍስ አባታቸውን አማክረው ከእራት 3 ሰዓት በኋላ፣ ወደ መኝታ ሲሄዱ ሊወስዱት ይችላሉ። በረመዳን የሚጾሙም እንዲሁ በምሽት ወይም ከሱሁር ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ሊወስዱት ይችላሉ። ኪኒኑ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ስለሚያበላሸው ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ። የታሞክሲፈንን ኪኒን በድካም ምክንያት በራስ ውሳኔ ማቆም አይገባም፤ ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ይወሰዳሉ።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው የሕክምና ማጠቃለያ ወረቀት በብዙ ቤት ከግብር ደረሰኝ ጋር ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ አይጥም ይበላዋል። ጨረር የተሰጠበት ቦታ፣ የተሰጠበት ጊዜና የኬሞቴራፒው ስም የተጻፈው በእርሱ ላይ ነው። ኮፒውን በላስቲክ አድርጎ መያዝ፣ ቢቻል ደግሞ በልጅ ስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ከዓመታት በኋላ በጤና ጣቢያው ወንበር ላይ “ምን ነበር የተደረገልሽ?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል።