የልጆች የክረምት ገቢ፤ ከሙልሙል እስከ ሳንቲም

በኢትዮጵያ የወቅቶች አከፋፈል መሠረት ክረምት የሚባለው ጊዜ ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ ይቈያል። ይህ ወቅት በደጋውና በወይና ደጋው አገር ለሚኖር ገበሬ የሥራም የችግርም ወቅት ነው፤ ያምናው እህል ከጐተራ እየጐደለ ሲሄድ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ ቡቃያ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ ክረምት የተማሪዎች የዕረፍት ጊዜ ሆኗል። እንግዲህ የቤተ ሰቡ እጅ በሚያጥርበት በዚያው ወራት የልጁ ጊዜ ነጻ ይሆናል፤ ወዲያውም መስከረም ሲጠባ ለደብተርና ለልብስ ገንዘብ ያስፈልጋል። ልጆች በክረምት ዋጋ የሚያገኙበት ልማድ ግን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት የነበረ ነው።

ይህን ልማድ የሚመለከት ሰው ለውጡን በቶሎ የሚያየው በሚከፈለው ነገር ላይ ነው፤ ቀድሞ ዳቦና እህል የነበረው ኋላ ሳንቲም ሆነ። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ለውጥ አለ። የቀድሞው የልጆች ሥራ መጨረሻው የታወቀ ነበረ፤ የበዓሉ ቀን ሲያልፍ ወይም አዝመራው ሲሰበሰብ ያበቃል። በከተማ የተጀመረው ሥራ ግን ከወቅት ጋር የሚያስረው ነገር የለውም። የልጆች ገቢ ጥቅሙም ጕዳቱም ይበልጥ የሚገለጸው በዚህ ልዩነት ነው።

በገጠር የልጅ የመጀመሪያ ሥራው እረኝነት ነው። ልጁ በመጀመሪያ ጥጃና ጠቦት ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል በጎችና ፍየሎች፣ ቀጥሎም ላሞችና በሬዎች ይሰጡታል። በበጋ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ በባዶው ማሳ ላይ እንደ ልቡ ይሰማራል፤ በክረምት ግን መሬቱ ስለ ተዘራ እረኛው ዐይኑን ከከብቱ ላይ ሊያነሣ አይችልም። ከብቱ ወደ ጎረቤት አዝመራ የገባ እንደ ሆነ በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ካሣ የሚከፍለው አባቱ ነው። አዝመራው ማፍራት ሲጀምር ደግሞ ልጆች በማሳው መካከል በቆመ ማማ ላይ ወጥተው ወፉን በወንጭፍ፣ ዝንጀሮውን በጩኸት ይከላከላሉ።

ለገዛ ቤተ ሰቡ የሚጠብቅ ልጅ ዋጋ አይቀበልም። ድኻ ቤተ ሰብ ግን ልጁን ለሌላ ሰው እረኛ አድርጎ ይሰጥ ነበር። ውሉ በቃል ሲሆን የሚዋዋሉትም ወላጁና የከብቱ ባለቤት ናቸው። ልጁ በባለ ከብቱ ቤት እየበላና እያደረ ይሠራል፤ ልብስ ይገዛለታል፤ በውሉ ዘመን መጨረሻም እንደ ስምምነቱ እህል ወይም በግ ወይም ጥጃ ይሰጠዋል። ደምና ወዝ ከሚሉት ቃላት የተገኘው «ደመ ወዝ» የሚለው ስም ለእንዲህ ያለው ዋጋ በእውነት የተስማማ ነው። ሆኖም ዋጋውን የሚረከበው ብዙውን ጊዜ አባቱ ነው። የልጁ የግል ሀብት ሊባል የሚችለው ወላጆቹ «ያንተ ናት» ብለው የሰጡት አንዲት ዶሮ ናት። ትምህርት ቤት በተከፈተበት አገር ሁሉ የዚህች ዶሮ ዕንቍላል ገበያ እየወጣ ደብተርና እርሳስ ገዝቷል።

ከእረኝነት ቀጥሎ የሚነሣው የበዓል ስጦታ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ደብረ ታቦር በሕዝብ አነጋገር ቡሄ ይባላል። ወንዶች ልጆች ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀኖች ጅራፍ ገምደው ያጮኻሉ፤ በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ ከዚያም ዱላ ይዘው በየደጁ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ። አንዱ ያወጣል፤ ሌሎቹ ዱላቸውን ከመሬት እየመቱ ይቀበላሉ። ግጥሙ የቤቱን ጌታና እመቤት ያወድሳል፤ ስጦታው የዘገየ እንደ ሆነም በቀልድ ይነካቸዋል። እመቤቲቱ ሙልሙል ትሰጣለች፤ ልጆቹም መርቀው ይሄዳሉ። ይህ ከልመና የተለየ ነው። ለማኝ የሚጠይቀው ስለ ችግሩ ነው፤ የሆያ ሆዬ ልጅ ግን የሀብታምም ልጅ ቢሆን ይዞራል፤ ዘፈንና ምርቃት ሰጥቶም ዳቦውን ይቀበላል።

የሴቶች ልጆች ተራ የሚመጣው መስከረም 1 ቀን ነው። በየሰፈሩ ተሰብስበው፣ አደይ አበባ ወይም ለምለም ሣር ይዘው፣ አበባየሆሽ እያሉ ይዞራሉ። በከተማ ወንዶች ልጆች ደግሞ አበባና መልአክ በወረቀት ላይ ሥለው፣ በቀለም አስጊጠው፣ ለዘመድና ለጎረቤት ያበረክታሉ። ይህ የሥዕል ስጦታ በጥቂቱም ቢሆን ከሌሎቹ ይለያል። ልጁ ወረቀትና ቀለም አስቀድሞ መግዛት አለበት፤ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ዝናሙ ከቤት ሲያውለው ይሥላል፤ ያወጣውንም የሚመልሰው በአንድ ቀን ነው። ስለዚህ ወጪንና ትርፍን መለየት የሚማርበት የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ይሆናል።

ገንዘብ በእነዚህ ልማዶች ውስጥ ሊገባ የቻለው ለልጅ እጅ የሚሆን ትንሽ መክፈያ ሲስፋፋ ነው። ጠገራ ብር ለከብትና ለእህል ግዢ እንጂ ለሕፃን ምርቃት የሚመዘዝ አልነበረም፤ አሞሌ ጨውም እንዲሁ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የብሩ ክፋዮች ቢቀረጹም በብዙ የገጠር ገበያ የአሞሌና የጠገራ ብር ግብይት ቀጥሎ ነበር። በ1937 ዓ. ም. የወጣው ገንዘብ የ1፣ የ5፣ የ10፣ የ25ና የ50 ሳንቲም መክፈያዎች ነበሩት። ሕዝቡም 25ቱን ስሙኒ፣ 50ውን ሽልንግ እያለ ተቀበላቸው። ከዚያ ወዲህ በከተማ ሙልሙል መጋገር የማይመቻት እመቤት ሳንቲም መስጠት ቻለች። ሳንቲሙም በልጆቹ ማኅበር ውስጥ አዲስ ሹመት አመጣ፤ ይኸውም ገንዘብ ያዥ ነው። ዳቦ በዚያው ቀን ተቈርሶ ይበላል፤ ገንዘብ ግን ይጠራቀማል፣ ይቈጠራል፣ በማከፋፈሉም ጊዜ ትልቁ ከትንሹ፣ አውጪው ከተቀባዩ ጋር ይከራከራል።

በዚሁ ጊዜ ከበዓል ጋር የማይገናኝ ሌላ ሥራ በከተሞች ተስፋፋ። ሊስትሮ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ጫማ የሚያደርገው የቢሮ ሠራተኛና ተማሪ ሲበዛ ሥራውም አብሮ በዛ። ልጁ የሚያስፈልገው አንድ ሣጥን፣ ብሩሽ፣ ቀለምና ጨርቅ ነው። ክረምት ለዚህ ሥራ ሁለት መልክ አለው፤ ዝናም ሲወርድ ደንበኛው ይሸሻል፣ ሲያባራ ግን ጭቃው ራሱ ሥራ ይሆናልና ልጁ በውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቀለም ይቀባል። ከሊስትሮው ጎን ጋዜጣ አዟሪው፣ ሎተሪ ሻጩና ቆሎ ሻጩ ቆሙ። የበቆሎ እሸት ሲደርስም በየመንገዱ ዳር የከሰል ምድጃ ተደርጎ እሸቱ እየተጠበሰ ይሸጣል፤ ልጆችም ከእናቶቻቸው ጋር፣ አንዳንድ ጊዜም ብቻቸውን፣ ይቀመጣሉ።

በሊስትሮ ሥራ የጕራጌ ልጆች በተለይ የታወቁ ናቸው። እነዚህ ልጆች ወደ ከተማ የሚመጡት አስቀድሞ በመጣ ዘመድ እጅ ነው፤ እርሱም ማደሪያ ይሰጣቸዋል፣ ሥራውንም ያስተምራቸዋል። ያገኙትን ሳንቲም ዕቍብ ይጥላሉ። መስከረም 17 ቀን ለሚውለው ለመስቀል በዓል ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለወላጆቻቸው ስጦታ ይዘው ይገባሉ። በዚህ ረገድ መስቀል ለከተማው ሥራ የሒሳብ መዝጊያ ቀን ሆኖ አገልግሏል። ከበዓሉ በኋላ ግን ብዙዎቹ ወደ ሣጥናቸው ተመልሰዋል፤ ሒሳቡ ተዘጋ እንጂ ሥራው አላለቀም።

የትምህርት ጕዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ. ም.፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ. ም. ሲከፈቱ ተማሪዎቹ ጥቂቶች ነበሩ። ከ1933 ዓ. ም. ነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲበዙ፣ የድኻ ልጅም ደብተር ይዞ መግባት ሲጀምር፣ የክረምቱ ገቢ ለመስከረም መመዝገቢያ መድኅን ሆነ። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ከተማም ልጁ ግማሹን ቀን ተምሮ ግማሹን መሥራት ስለ ቻለ፣ ሣጥኑ ትምህርቱን እንዲቀጥል የረዳው ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ለአንድ ክረምት ብሎ ሣጥን ያነሣ ልጅ ገቢው ለቤት ኪራይና ለታናናሾቹ እንጀራ የሚያስፈልግ ከሆነ መስከረም ሲጠባ ሣጥኑን ሊያስቀምጥ አይችልም። የቡሄ ልጅ በማግስቱ ዱላውን የሚጥለው ሁሉም ስለሚጥል ነው፤ ሊስትሮውን «በቃህ» የሚለው በዓል የለም።

ሕግ ይህን ክፍተት በዕድሜ ሊሞላው ሞክሯል። በ1985 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ለቅጥር ዝቅተኛውን ዕድሜ 14 ዓመት አደረገ። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ. ም. ስለ ዝቅተኛ የሥራ ዕድሜ የተደነገገውን 138ኛውን የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ስምምነት አጸደቀች። በ2011 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ ዕድሜውን ወደ 15 ከፍ አድርጎ፣ የወጣት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሌሊትም እንዳይሠራ ወሰነ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሕጎች የሚያዩት አሠሪና ሠራተኛን ነው። ለራሱ የሚሠራው ሊስትሮ አሠሪ የለውም፤ በሩቅ መንደር በቃል ውል የገባው እረኛም ውሉን የሚያይለት ተቈጣጣሪ አያገኝም።

ዛሬ በከተማ ሆያ ሆዬ ሲባል ከሙልሙል ይልቅ ገንዘብ የሚሰጠው ይበዛል፤ ብዙ ሰዎችም በዚህ ምክንያት ልማዱ ተበላሸ ብለው ያዝናሉ። ሆኖም ልጆቹ ዘፍነው፣ መርቀው፣ ተካፍለው ወደ ቤታቸው እስከ ገቡ ድረስ ገንዘቡ የልማዱን ዋና ነገር አላጠፋውም። ኀዘኑ የሚገባው ይልቁንም ዱላውን አስቀምጦ በማግስቱ ሣጥን ለሚያነሣው ልጅ ነው። የቀድሞው ኅብረተ ሰብ ልጅን አላሠራም አይባልም፤ አሠርቷል፣ በእረኝነቱም አስጨንቆታል። ነገር ግን አንዳንዱን ሥራ በቀን ወስኖለት ነበር። በክረምት ገንዘብ ለሚያገኝ ልጅ ጥቅም የሚያስብ ሁሉ፣ ልጁ ስንት እንዳገኘ ከመጠየቁ ጋር፣ ሥራው መቼ እንደሚያበቃና መስከረም ሲጠባ ልጁ በየት እንደሚገኝ ሊጠይቅ ይገባዋል።