ከመሮ እስከ አልማዝ ዲስክ፤ የድንጋይ ጠረባ በጣና ዳርቻ

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው መራዊ የተመሠረተችው በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው። የገበሬውን ማረሻ የሚያደናቅፈው፣ ካብ የሚካብበትና የቤት መሠረት የሚጣልበት ይኸው ጥቁር ድንጋይ በሥነ ምድር ባለሙያዎች ዘንድ ባዛልት ይባላል። ግራናይት ግን የዚህ ምድር ተወላጅ አይደለም። በኢትዮጵያ ግራናይት የሚገኘው ከእሳተ ገሞራው ዘመን እጅግ የሚቀድመው አለት በተገለጠባቸው ስፍራዎች፣ ይኸውም በትግራይ፣ በወለጋ፣ በሐረርጌና በደቡብ ነው። ስለዚህ በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች በማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ የሚያብለጨልጨው ግራናይት ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳው ደግሞ የራሱን መሣሪያና፣ እንደሚታየው፣ የራሱን አደጋ ይዞ መጥቷል።

ጠንካራ አለትን መጥረብ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ከአክሱም በስተ ምዕራብ ባለው በጎበድራ ካባ፣ የጥንት ጠራቢዎች በመስመር ደርድረው የፈለፈሏቸው የሽብልቅ ጉድጓዶች ዛሬም ይታያሉ። ሽብልቁ በየጉድጓዱ ሲገባ አለቱ በመስመሩ ይሰነጠቃል። 33 ሜትር የሚደርሰው ትልቁ ሐውልትም ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 ዳግም የቆመው ሐውልት፣ የተጠረቡት ከዚህ ዓይነት ድንጋይ ነው። ሕዝቡ ግራናይት ይበለው እንጂ ድንጋዩ ኔፌሊን ሳያናይት የሚባል፣ ኳርትዝ የሌለበት አለት ነው። ይህ ልዩነት የስም ብቻ እንዳልሆነ ወደ ኋላ ይታያል።

በጣና ዳርቻ የግንብ ሥራ መልኩን የለወጠው በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1607–1632) ነው። ከዚያ በፊት ድንጋዩ የሚያያዘው በጭቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1621 ገደማ ግን ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአካባቢው በመገኘቱ፣ ጥርቡም ሆነ ያልተጠረበው ድንጋይ በኖራ መያያዝ ጀመረ። በጢስ ዓባይ አቅራቢያ የሚገኘው የአላታ ድልድይ የዚህ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ እግረኛና የጭነት እንስሳ ዛሬም ይሻገሩበታል።

ይህን ሁሉ «የፖርቱጋሎች ሥራ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። አባባሉ ግን አያስኬድም። የሱስንዮስ ዜና መዋዕል ለደንቀዝ ቤተ መንግሥት የሚያነሣው አብዱልከሪም የተባለ የህንድ ባንያንና ሰደቃ ነስራኒ የተባለ ግብጻዊን ነው። አፄ ፋሲልም የጎንደርን ግንብ ያሠሩት ኢየሱሳውያንን ከአገር ካስወጡ በኋላ ነው። በጎንደር ዘመን በግንበኝነትና በአንጥረኝነት ከታወቁት መካከል ቤተ እስራኤሎች ይገኙበታል። ግንቡን ለነገሥታቱ ሰጥቶ ጠራቢውን በስድብ የሚጠራ ኅብረተሰብ የማን መሮ የትኛውን ድንጋይ እንደነካ መዝግቦ ሊያቆይ አይችልም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ በዐዋጅ ማስጠንቀቃቸው ነገሩ እስከምን ድረስ ሥር ሰዶ እንደነበር ይመሰክራል።

መዶሻና መሮ የያዘው የጣና ጠራቢ ጣቱን ሊቀጠቅጥ፣ ዓይኑን በፍንጣሪ ሊያጣ ይችል ነበር። ሆኖም ባዛልት ነጻ ኳርትዝ የለውም ወይም ቢኖረው ጥቂት ነው። በግራናይት ውስጥ ግን ከዋና ዋና ማዕድናቱ ቢያንስ አንድ አምስተኛው ኳርትዝ ነው። ግራናይቱ በአልማዝ ዲስክ በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሣው ዱቄት እጅግ ከመድቀቁ የተነሣ በዓይን የማይታየው ክፍል እስከ ሳንባ ጫፍ ይዘልቃል። ከዚያም ሲሊኮሲስ የተባለውን፣ የማይመለስ የሳንባ ጠባሳ ያስከትላል፤ ለሳንባ ነቀርሳም በር ይከፍታል። ነቀርሳ ባልጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላው ዓለም የደረሰው ይህንኑ ያረጋግጣል። በአሜሪካ ቨርሞንት ክፍለ ግዛት በባሬ ከተማ በአየር ግፊት የሚሠራ መዶሻ ከተስፋፋ በኋላ፣ የግራናይት ጠራቢዎች በዚሁ በሽታ በብዛት አለቁ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አቧራውን ከምንጩ የሚስቡ መሣሪያዎች ሲተከሉ አዲስ ሕመም እጅግ ቀነሰ። አውስትራሊያ ደግሞ ከግራናይት የበለጠ ሲሊካ የያዘውን፣ በፋብሪካ የሚዘጋጀውን የጠረጴዛ ድንጋይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከልክላለች።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ዲስኩ ላይ ያለማቋረጥ ውኃ ማፍሰስ፣ አቧራውን መሳብ፣ ለደቃቅ አቧራ የተሠራ ጭንብል መልበስ። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ ትልልቁን ብናኝ እንጂ ገዳዩን አያስቀርም። ከሁሉ የከፋው ጊዜ ሰሌዳው ከተገጠመ በኋላ ለላቫንዲኖው ቀዳዳ የሚወጣበት ነው፤ ጭቃው ቀለም የተቀባውን ግድግዳ እንዳያበላሽ ተብሎ ውኃው ይቀራል፣ ሥራውም በተዘጋ ማድ ቤት ውስጥ በደረቁ ይከናወናል። ቀዳዳው ሰሌዳው ሳይገጠም፣ ከቤት ውጭ፣ በውኃ ቢወጣ ተቋራጩን የሚያስከፍለው ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ ልክ መውሰድን ብቻ ነው።