የወይራ ጢስ፣ አይብና የወይን ጠጅ



አንዳንድ ልጆቻችን አይብ በሱፐርማርኬት የተጀመረ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ታሪኩን እንንገራቸው።

ከተማችን ሐዴራ በ1891 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር፣ በስተሰሜን ያለችው ዚክሮን ያዕቆብ ከ1882 ጀምሮ ነበረች። እዚያም ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ ወይን አስተክለው መጥመቂያ አሠርተዋል። የአካባቢያችን ወይን ጠመቃ በእነርሱ ተስፋፋ።

እኛም የራሳችን ሙያ አለን። በጎንደር እናቶቻችን ቅሉን በወይራ ጢስ አጥነው ወተቱን ያረጉበታል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣ፣ አሬራው በለዘብተኛ እሳት ሞቆ አይብ ይሆናል። ጢሱ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ ተሐዋስያንን ስለሚያዳክም ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል።

በበዓል የሚቀርበው መጠጥ ጠላ ወይም ጠጅ ነበር። እዚህ ደግሞ ጢስ ጢስ ከሚል አይብ ጋር ጣፈጥ ያለ ነጭ ወይን ይስማማል፤ ጠጅን ያስታውሳልና። አፍ የሚያደርቅ ቀይ ወይን ግን ለስላሳውን አይብ መራራ ያስመስለዋል።

የዚህ አገር ወይራ የጎንደሩ ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው። እንግዲህ ዕቃ ማጠንን ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። የፍም ጢስ በተዘጋ ቤት ይገድላልና ደጅ ላይ ይሁን። የእናቱን ሙያ ያወቀ ልጅ እናቱን ያከብራል።